በረዶ የለንም፣ ጎማ ግን ቸግሮናል፦ ለ7 ጥንድ ሮለር ስኪ የድጋፍ ጥሪ

ሰላም ወገን! ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ዘጠኝ ልጆች አሉን፣ ያለን ሮለር ስኪ ግን ሁለት ጥንድ ነው። እንዴት እንደምንብቃቃ ማየት የፈለገ ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሽሮ ሜዳ ይምጣ። ሁለቱ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወስደውን ዳገት በጎማ ይወጣሉ፣ ሰባቱ በሩጫ ይከተላሉ፣ መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ጫማ ይቀያየራሉ። ጫማው ደግሞ 42 ቁጥር ነው። 38 የምታደርገዋ ልጃችን ሦስት ካልሲ ደርባ ነው የምትገባበት።

ሮለር ስኪ ምንድነው ለምትሉ፣ በረዶ ላይ ለሚንሸራተቱበት ስኪ መለማመጃ የሚሆን፣ ከ60 እስከ 70 ሳንቲሜትር ገደማ የሚሆን ቀጭን ብረት ነው፣ ፊትና ኋላው ላይ ጎማ አለው። ጫማው የሚታሰረው ጣቱ ጋ ብቻ ነው፣ ተረከዙ ይነሳል። እጅ ላይ ሁለት ረጃጅም ምርኩዝ ይያዛል። (አንድ አባት መንገድ ላይ አይተውን «ምነው ልጆቼ፣ በዚህ ዕድሜያችሁ ምርኩዝ?» ብለው ከልባቸው አዘኑልን።) አብዛኛው ፍሬን የሚባል ነገር የለውም። ስለዚህ የምንሠራው ዳገቱን ብቻ ነው፣ ቁልቁለቱን በሚኒባስ እንወርዳለን፣ ወያላው የምርኩዙንም ሒሳብ እያስከፈለን።

«በረዶ በሌለበት አገር ስኪ ምን ይሠራል?» የሚለውን ጥያቄ ለምደነዋል። እኛ ጋ በረዶ ማለት ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበው ነው፣ እውነት ነው። ግን እኮ ኖርዌዮቹ ራሳቸው በረዶው ሲቀልጥ አስፋልት ላይ ወጥተው በዚሁ ጎማ ነው የሚለማመዱት። ደግሞም እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን በክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ወክሎ በስኪ 15 ኪሎ ሜትር ከመወዳደሩ በፊት፣ አዲስ አበባ መንገድ ላይ በሮለር ስኪ ሲለማመድ ያዩት ሰዎች ነበሩ። በ2010 ቫንኩቨር ላይም ተወዳደረ። ከዚያ በኋላ በሶቺም፣ በፒዮንግቻንግም፣ በቤጂንግም አልነበርንም።

ጎረቤታችን ኬንያዊው ፊሊፕ ቦይት ሯጭ ነበር። ፊንላንድ ወስደው ስኪ አስተማሩትና በ1998 ናጋኖ ላይ በ10 ኪሎ ሜትር የመጨረሻ ወጣ። አሸናፊው ኖርዌያዊ ቢዮርን ዳሊ ግን መጨረሻው መስመር ላይ ቆሞ ጠብቆ አቀፈው። ቦይት ልጁን ዳሊ ብሎ ሰየመው! ጃማይካዎቹም በ1988 ካልጋሪ ላይ በቦብስሌድ (ገፍተው ዘለው ገብተውበት በበረዶ ቦይ ቁልቁል በሚወርዱበት መንሸራተቻ) ተገልብጠው ዓለም ሲስቅባቸው፣ በ1994 በአራት ሰው ቦብስሌድ 14ኛ ወጡ። አገራቸው ላይ የሚለማመዱት ጎማ ያለው ጋሪ እየገፉ ነው። በኮሮና ጊዜ ደግሞ እንግሊዝ አገር የነበሩት ጂም ሲዘጋባቸው መንገድ ላይ ሚኒ መኪና እየገፉ ሠሩ። ናይጄሪያዊቷ ሴዉን አዲጉን ቴክሳስ ውስጥ ጋራዥ ላይ በእንጨት መንሸራተቻ ሠርታ ቦብስሌድ ጀመረች፣ ከዚያ ልክ እንደኛ ለሕዝብ መዋጮ እጇን ዘረጋች። እና እኛስ ለምን እናፍራለን?

አልዋሽም፣ ጎማ የማያስተምረው ብዙ ነገር አለ። አስፋልት ላይ ምርኩዝህ ቀጥ ብሎ ይነክሳል፣ በረዶ ላይ ይሰምጣል። አንዳንዱ ጎማ ወደ ኋላ እንዳይሽከረከር ተደርጎ ነው የሚሠራው፣ እውነተኛው ስኪ ግን ከሥሩ የሚቀባው ሰም ከዕለቱ በረዶ ጋር ካልተስማማ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ያንሸራትታል። መታጠፍ የሚለመደውም እዚያው በረዶው ላይ ነው። ትንፋሹን፣ የክንድና የወገብ ጉልበቱን፣ ሚዛኑን ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ሆኖ ዳገት የሚወጣ ልጅ ይዞት ይሄዳል። ለዚህ እንጦጦን የመሰለ ቦታ ከየት ይመጣል? ሜዳሊያ ቃል አልገባም። ልጆቹ በተራ ሳይሆን አንድ ላይ እንዲወጡ ነው የፈለግሁት።

ሒሳቡ ይሄው። ስኪው ከማሰሪያው፣ ጫማው፣ ምርኩዙና ሄልሜቱ ጋር ለአንድ ልጅ 500 ዶላር ገደማ ይመጣል። ለሰባት ልጅ 3,500 ማለት ነው። እስካሁን 640 ሰብስበናል፣ ግማሹ ከልጆቹ ወላጆች ነው። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ሄልሜት ላይ ግን አንደራደርም፣ ባለፈው ወር አንዱ ልጃችን ክርኑን ተልጦ ነው የተረፈው።

እዚህ ያላችሁ 100 ብርም ቢሆን አትናቁት። ደረሰኙን እያንዳንዱን ፎቶ አንስተን እንለጥፋለን። ሚኒሶታ፣ ኮሎራዶ፣ ስዊድን፣ ኖርዌይ ያላችሁ ደግሞ ከገንዘቡ ይልቅ ዓይናችሁን አውሱን። እዚያ ሰፈር ያገለገለ ሮለር ስኪ በርካሽ ይሸጣል፣ ጎረቤታችሁ ጋራዥ ውስጥ አቧራ ጠጥቶ የተቀመጠም አይጠፋም። ለፋሲካ የሚመጣ ሰው ካገኛችሁ ምርኩዙ ሻንጣ ውስጥ አልገባ እንዳይላችሁ፣ መጀመሪያ ርዝመቱን ለኩት።

መላክ የምትፈልጉ ኢንቦክስ ጻፉልኝ። ጫማ ያላችሁ ቁጥሩን ንገሩን፣ ከ37 እስከ 43 ለሁሉም እግር አለን። 38 ያላት ሰው ግን ቅድሚያ ትስጠን፣ ልጅቷ ካልሲ አለቀባት።