የዕፅዋት ክበብ፦ ዓመቱን ሙሉ አንድ አኻያ

መስከረም ላይ ያቀድነው ቀበና ወንዝ ዳር ያሉትን ዛፎች ሁሉ በስም ለይተን ለመመዝገብ ነበር። ዓመቱ ያለቀው አኻያ ላይ ነው። ጥፋቱ በከፊል የኔ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ቅርንጫፎች ጋዜጣ መሃል አድርገን ድንጋይ ጫንንባቸው። ጋዜጣው በየቀኑ እንደሚቀየር ግን ለልጆቹ ሳልነግራቸው ቀረሁ። በሳምንቱ ስንከፍተው ሻጋታ ብቻ! ተመልሰን ወረድን።

ደግነቱ መመለሳችን ጠቀመን። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ከግንዱ ሥር የወጣ ለጋ ቅርንጫፍና ከላይ የተቆረጠ አሮጌ ቅርንጫፍ ይዛ መጣች። «ቲቸር፣ እነዚህ ሁለት ዛፍ ናቸው አይደል?» የለጋው ቅጠል ሰፋ ያለ፣ የአሮጌው ቀጭን። ዛፉ አንድ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅጠል ብቻ አይቶ ስም መስጠት ክበቡ ውስጥ ቀረ።

አበባ ይሻላል፤ ግን አኻያ ላይ ወንዱና ሴቷ በየራሳቸው ዛፍ ናቸው። የቀበናው ወንድ ሆነ። የካቲት ላይ አባጨጓሬ የመሰለውን የአበባ ዘለላ በስፒል እየፈታን፣ በእያንዳንዷ አበባ ብናኝ የሚሸከሙትን ክሮች ቆጠርን። ከሁለት በላይ ናቸው። ቅርንጫፉ ወደ መሬት የሚወርደው የባቢሎን አኻያ ያለው ሁለት ብቻ ነው፤ ስለዚህ የኛው እሱ አይደለም።

ሳሊክስ በሚባለው የአኻያ ጂነስ (የቅርብ ዘመድ ዝርያዎች ስብስብ) ወደ 400 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉ። በሀገራችን በተፈጥሮ የሚበቅለው ግን አንድ ነው። እሱም አንዱ መጽሐፍ ላይ ሳሊክስ ሰብሰራታ፣ ሌላው ላይ ሳሊክስ ሙክሮናታ ነው። አራት ኪሎ ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ስብስብ የሚቀመጥበት) ስንሄድ ልጆቹን ያስገረማቸው ይህ ነው፤ ሳይንቲስትም ስም ላይ ይከራከራል።

ዋናው ክርክር የመጣው በዲቃላ ነው። ቃሉን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ከሁለት ዝርያ ለተወለደው «ድቅል» ብለን ተስማማን። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባል የለ? በቅሎ ግን አትወልድም፣ ነገሩ እሷው ላይ ያበቃል። የአኻያ ድቅል ብዙ ጊዜ ይወልዳል። አጠገብ ለአጠገብ የበቀሉ ዝርያዎች አብረው ካበቡ ንብና ነፋስ ብናኙን ያደባልቁታል፤ ልጁም ተመልሶ ከወላጁ ዝርያ ጋር ይዳቀላል። ለዕፅዋት ሳይንሳዊ ስም ያወጣው ስዊድናዊው ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ሳሊክስ ፍራጊሊስ ብሎ የሰየመውን እንዩ። አውሮፓ ውስጥ በዚህ ስም ሲጠራ የኖረው በአብዛኛው ድቅል ነው። አንደኛው ወላጅ፣ ሳሊክስ ዩክሲና፣ የራሱን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

የቀረን ከአጥራችን ማዶ ያለው፣ ቅርንጫፉ መሬት የሚጠርገው ዛፍ ነበር። የግቢው እማማ «ቅጠሉን ውሰዱ፣ ጥላዬን እንዳትነኩብኝ» ብለው ፈቀዱልን። ልጆቹ ወዲያው «የባቢሎን አኻያ!» አሉ፤ መዝሙረ ዳዊት ላይ መሰንቆ የተሰቀለበትን አስታውሰው። ሊኒየስም ስሙን ያወጣው ያንን ይዞ ነው። ዛፉ ግን የቻይና ነው፤ የባቢሎኖቹ የአኻያ ዘመድ የሆነ ሌላ ዛፍ ሳይሆኑ አይቀሩም። ደግሞም እንዲህ ቅርንጫፋቸው ከሚወርደው አንዳንዶቹ የቻይናውና ነጭ አኻያ የሚባለው ሌላ ዝርያ ድቅል ናቸው። የነጩም ክር ሁለት ስለሆነ መቁጠራችን አላዋጣንም።

የቀበናው ቅርንጫፍ ደርቆ ቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የእማማ ዛፍ ካርድ ላይ «ሳሊክስ» ተጽፎ ቀጥሎ ያለው መስመር ክፍት ነው። በእርሳስ የሞላው ሰው ነበር፤ በማግስቱ ሌላው አጠፋበት።