ካሴቶቹን ሻጋታ ሳይጨርሳቸው እንድረስላቸው

ወገኖቼ፣ ዛሬ የመጣሁት ለልመና ነው።

አባቴ የበዓል ዝግጅት ሲኖር ቴፑን ከራዲዮኑ አስጠግቶ ይቀዳ ነበር። ባለፈው ሰሞን አንዷን ካሴት ከፍቼ ሰማኋት። ቀልደኛው ጨዋታውን ሳይጨርስ የቤታችን አውራ ዶሮ ይጮሃል፣ እናቴ «ኧረ ዝም በሉ፣ አባታችሁ እየቀዳ ነው!» ትላለች፣ ከዚያ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እናቴ ዛሬ የለችም። ድምጿ የቀረው እዚያች ካሴት ላይ ብቻ ነው። ካሴቷን ደግሞ ከጠርዟ ነጭ ሻጋታ ጀምሯታል።

እንዲህ ያለ ካሴት በየቤቱ አለ። ከደብረ ማርቆስ፣ ከደጀንና ከቢቸና እስካሁን 60 የሚሆኑ ሰብስበናል፤ አብዛኛው የራዲዮ ቀልድና ጭውውት ነው። ቅኔ በሚዘረፍበት በጎጃም ሰው ጨዋታ ያውቃል፣ የሰማውን ቀልድ ከነድምፁ ይዞ ነው ጠላ ቤት የሚደግመው። ዋናው ቅጂ ግን እየጠፋ ነው።

ጣቢያው ጋ ይኖራል ብላችሁ እንዳትተማመኑ። የእንግሊዙ ቢቢሲ እንኳ ሁሉንም አላስቀመጠም። «ጉን ሾው» የሚባል የራዲዮ ቀልድ ዝግጅት እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 1960 ያስተላልፍ ነበር። ስፓይክ ሚሊጋን ይጽፋል፤ ከፒተር ሴለርስና ከሃሪ ሲኮም ጋር ሆኖ ተመልካች ፊት ይጫወተዋል። በዓለም የሌለን ነገር በድምፅ ብቻ ይፈጥሩ ነበር። ሚሊጋን በየሳምንቱ ከመጻፉ ብዛት ጤናው ታውኮ ሆስፒታል እስከ መግባት ደርሷል። የቢትልሱ ዘፋኝ ጆን ሌነን ይህን እየሰማ ነው ያደገ፤ «ሞንቲ ፓይተን» የሚባሉት የእንግሊዝ ቀልደኞችም እንደዚሁ። ያን ያህል የተለፋበት ሥራ፣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቅጂዎች አብዛኞቹ ዛሬ የሉም! በእኛም አገር ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ዛሬ ልጆቻችን የሚሰሙት ቅጂው ስለተረፈ ነው።

ሥራው ከባድ አይደለም፣ ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ። ክሩ የተጣበቀውን በእስክርቢቶ ቀስ አድርገን እናጠነጥናለን፣ ሻጋታውን እንጠርጋለን፣ ከዚያ ወደ ኮምፒውተር እንገለብጣለን። ኮምፒውተር አለን። የጎደለን በደንብ የሚሠሩ 2 ቴፖች፣ መለዋወጫ ላስቲክና 2 ሃርድ ዲስክ ነው። አንዱ ሃርድ ዲስክ ሌላ ቤት ይቀመጣል፤ ቢሰረቅ ወይ ቢቃጠል ሁሉም አብሮ እንዳይጠፋ። 50 ብርም ትሁን አትናቁ። የተገዛውን ሁሉ ከነደረሰኙ እናሳያችኋለን።

ገንዘብ የሌለው ካሴቱን ይስጠን። ገልብጠን ከነቅጂው እንመልሳለን። ብቻ እስክንመጣ ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ በአሮጌ ቴፕም አትሞክሩት፤ ይበላዋል።