ከመንገዱ ወዲህ ሆኜ የጻፍኩልሽ

ውዷ ጓደኛዬ፣

እንዴት ነሽ? ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ ዛሬ «እንዴት ነሽ» ስልሽ እጄ ከበደኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ምክንያቱንም ታውቂዋለሽ። ልጆቹ ደህና ናቸው። ሥራም አለ። ስለ እኔ ይኼ ይበቃል። አሁንም ደብዳቤን ከመጨረሻው መስመር ጀምረሽ የምታነቢ ከሆነ ግን የዛሬውን እባክሽ ከላይ ጀምሪው።

መንገዱ ሊሰፋ ነው።

አዎ፣ ያው መንገድ። የክፍያው መንገድ። ስድስት የነበረው መስመር አሥር ሊሆን ነው፤ በየአቅጣጫው ሁለት ሁለት ይጨመራል። ባለፈው ወር ቀያሾች መጥተው ግድግዳ ላይ ቀይ ቀለም እየቀቡ ሄዱ። ምልክቱ ከእማዬ ቤት ፊት ለፊት ያሉት ቤቶች ላይ ሲደርስ ቆመ። ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ተረፋችሁ» አለን። እኔም ያን ቀን እፎይ አልኩ። ማታ ግን የማስፋፊያውን ሰነድ ዘርግቼ ሳየው እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ተነሺ ካሳ አለው። አነሰም በዛም የሚሞላው ቅጽ፣ የሚጠይቀው ቢሮ፣ የሚቆጥረው ቀን አለው። የሚቀረው ሰውስ? እማዬ አትነሳም። ከእሷ ፊት ያሉት ቤቶችና ዛፎቹ ይነሱና የአዲሱ አስፋልት ጠርዝ ከመኝታ ቤቷ መስኮት 9 ሜትር ላይ ያርፋል። ለዚያ 9 ሜትር የተዘጋጀ ቅጽ የለም። ሰነዱን ሁለት ጊዜ አገላብጬዋለሁ፤ «ተነሺዎች» የሚል ምዕራፍ አለው፣ «ቀሪዎች» የሚል የለውም።

ስለ ድምፅ የጻፉትን ብታይው! «ጭማሪው አነስተኛ ነው» ይላል። በሒሳቡ ልክ ናቸው፣ አልዋሹም። የመኪናው ብዛት እጥፍ ቢሆን እንኳ ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል (በድምፅ መለኪያው) ገደማ ነው። ግን እኮ ዛሬ ድምፁን የሚመክቱልን እነዚያ ቤቶች ናቸው። እነሱ ሲፈርሱ የሚመጣውን ማን ደመረው? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ የሌሊት የመንገድ ድምፅ ከ45 ዴሲቤል በታች እንዲሆን ይመክራል። እኔ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በእማዬ መስኮት በስልኬ ስለካ 58 አሳየኝ። ስልክ ትክክለኛ መለኪያ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ አትቆጪኝ። ያየሁትን ነው የምነግርሽ።

ጭሱም አለ። ከትልቅ መንገድ የሚወጣው ብክለት በጣም የሚከብደው በመጀመሪያዎቹ 150 ሜትሮች ውስጥ ነው፤ ከዚያ እየሳሳ ይሄዳል። የእማዬን ሳል ታውቂዋለሽ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስንት ቀን ልጽፈው እያልኩ የተውኩት እሱን ነው።

ድልድያችንን ሊያነሱት ነው።

ያንን የእግረኛ ድልድይ። 34 ደረጃ ወደ ላይ፣ 34 ደረጃ ወደ ታች። አንቺ ከዚያ ማዶ፣ እኔ ከዚህ ማዶ ሆነን መሃሉ ላይ የምንገናኝበትን። መንገዱ ሲሰፋ ይፈርስና አዲሱ ከክፍያ ጣቢያው አጠገብ ይሠራል። ከድሮው ቦታ 400 ሜትር ይርቃል። እዚያ ድረስ 400 ሜትር ሄዶ፣ ተሻግሮ፣ በማዶ ደግሞ 400 ሜትር ተመልሶ፤ ለአንድ ጉዞ 800 ሜትር ተጨመረ ማለት ነው። ለወጣት ምንም አይደለም። ለእማዬ ግን መሻገር ቀረ ማለት ነው።

እማዬ ደግሞ የምትሻገረው ወደ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ወደ እናትሽ ነው። እኛ ስንኮራረፍ እነሱ አልተኮራረፉም። ይኼን ነግረውሽ ይሆን? ሦስቱንም ዓመት፣ በየሳምንቱ፣ አንዴ እማዬ ትሻገራለች፣ አንዴ እናትሽ። ደረጃው መሃል ሁለቴ ያርፋሉ። ባለፈው እናትሽ የድልድዩን ብረት ተደግፈው ቆመው አገኘኋቸውና እጃቸውን ይዤ አወረድኳቸው። ስለ አንቺ አንድ ቃል አላነሱም። እኔም አላነሳሁም። በር ላይ ስንደርስ ግን እጄን ቶሎ አልለቀቁትም።

ያን ዕለት ነው ልጽፍልሽ የወሰንኩት። እስካሁን ፈራሁ።

የፈራሁበትን ልንገርሽ። መንገዱ ይስፋ ብለው ከፈረሙት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። እማዬ በታመመችበት ቀን ክፍያውን ከፍለን ገብተን አንድ ሰዓት ተኩል ቆመናል። ከኋላ ወንበር ላይ ትንፋሿ ሲቆራረጥ እየሰማሁ ነበር። በሳምንቱ ወረቀቱ ሲመጣ ሳላነብ ፈረምኩ። አንቺ ያኔ ስልክ ላይ «ቢሰፋም ይሞላል» ስትዪኝ እኔ የሰማሁት «እናትሽ ብትሞት ግድ የለኝም» ያልሽኝ ያህል ነው። እንደዚያ እንዳላልሽ አሁን አውቃለሁ። ያኔም ሳላውቀው አልቀርም።

ያልሽኝን ከብዙ ጊዜ በኋላ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። በአሜሪካ ሂዩስተን ከተማ ያለውን ትልቅ መንገድ፣ ኬቲ ፍሪዌይን። እ.ኤ.አ. በ2008 ተስፍቶ ሲያልቅ የጎን መንገዶቹ ሲቆጠሩ በአንዳንድ ቦታ 26 መስመር ደረሰ። መሃሉ ላይ እንደኛው የሚከፈልባቸው መስመሮች ሁሉ አሉት። ሆኖም ከ2011 እስከ 2014 ባለው ጊዜ ብቻ የጠዋቱ ጉዞ በ30 በመቶ፣ የማታው በ55 በመቶ ረዘመ። ሲሰፋ ቀድሞ ሌላ ሰዓት ይመርጥ የነበረው፣ ሌላ መንገድ ይሄድ የነበረው፣ አውቶቡስ ይይዝ የነበረው ሁሉ ይመጣል። ራቅ ብሎ ቤት የሚሠራም አለ። ዱራንተንና ተርነር የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ይኼንኑ በአሜሪካ ከተሞች አሳዩት፤ መንገዱ በጨመረ ልክ መኪናው የሚሄደው ርቀትም ይጨምራል። አንቺ በአንድ አረፍተ ነገር የነገርሽኝን ነገር።

መንገዱን አልጠላሁትም። እኔም በየቀኑ እሄድበታለሁ። ዕቃ የጫነ ሰውም፣ በሽተኛ የያዘም ይፈልገዋል። ግን ክፍያ ያለበት መንገድ እኮ ሌላ አማራጭ አለው! የስዊድኗ ዋና ከተማ ስቶክሆልም እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ መሃል ከተማ ለሚገባ መኪና በሰዓቱ የሚለያይ ዋጋ ሲሞክር ትራፊኩ በ20 በመቶ ገደማ ቀነሰ። አንድም መስመር አልጨመሩም። እኛ ጋ ክፍያው ሌሊትም ጠዋትም አንድ ነው። መጀመሪያ ይኼ ለምን አይሞከርም? ደግሞ ዋጋው እንዲሁ ቢጨመር ከባድ መኪናው ሁሉ ክፍያውን ሸሽቶ በትምህርት ቤቱ በር በሚያልፈው የሰፈር መንገድ እንዳይገባ እፈራለሁ። እዚህ ላይ እውቀቴ ያልቃል፤ አንቺን ያስፈለገኝም ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አፕልያርድ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሦስት መንገዶችን አጥንቶ ነበር። መኪና በማይበዛበት መንገድ አንድ ነዋሪ እዚያው መንገድ ላይ በአማካይ 3 ወዳጅ ነበረው። መኪና በሚበዛበት ግን 0.9። አንድም አይሞላም። ይኼን ሳነብ ድልድዩ ላይ የሚያርፉትን ሁለት ሴቶች ነው ያሰብኩት። በስድስት መስመር ላይ ወዳጅነታቸውን ይዘው እዚህ ደርሰዋል። አሥር መስመር ላይ ምን ይሆናሉ?

እና የምለምንሽ ይኼን ነው። አስተያየት የሚሰጥበት ጊዜ ሊያልቅ 19 ቀን ቀርቶታል። ሰነዱን ልኬልሻለሁ። የትራፊክ ትንበያው ያለበትን አባሪ አንብቢልኝ፤ ቁጥሩ ላይ የሆነ ነገር ሸቶኛል፣ ግን መናገር አልችልም። ለድልድዩ የራሴን ሒሳብ ሠርቻለሁ። ከመንገዱ በላይ 5 ሜትር ተኩል ከፍ ካለ፣ በ1 ለ12 ተዳፋት (በየ12 ሜትሩ 1 ሜትር ከፍ እያለ) ለመውጣት በየጎኑ 66 ሜትር ይፈልጋል፤ ማረፊያው ሳይቆጠር። ከሚፈርሱት ቤቶች የሚተርፈው ቦታ ለዚያ የሚበቃ ይመስለኛል። ድልድዩ እዚያው ቦታው ላይ፣ ያለ ደረጃ ይሠራ ብዬ ልጠይቅ ነው። አሮጌው ሳይፈርስ አዲሱ ይቁም ብዬም። የድምፅ መከላከያው ግንብ ደግሞ መጨረሻ ላይ ሳይሆን ከቁፋሮው በፊት። ልክ ነኝ?

የሰፈሩን ግድግዳዎች ሁሉ ፎቶ እያነሳን ነው፤ ከየፎቶው ጋር ቀን እንጽፋለን። ሥራው ተጀምሮ ሲሰነጠቅ «ድሮም ነበር» እንዳይሉን። ይኼን ያስተማርሽን አንቺ ነሽ፣ ታስታውሻለሽ? የእናትሽን ቤትም አንስቼዋለሁ። በጓዳ በኩል ያለው ያ ስንጥቅ አሁንም አለ፤ ከፎቶው ሥር «የድሮ» ብዬ ጽፌበታለሁ።

ስብሰባው ላይ መምጣት ብትችዪ... አላስገድድሽም። መምጣት ካልሆነልሽ በስልክ ንገሪኝና እኔ እናገራለሁ። መናገር ካልፈለግሽ ደግሞ ጻፊልኝ፣ አነባለሁ። ፊርማዬንም ስብሰባው ላይ ተነስቼ አነሳለሁ። እማዬ እስካሁን አታውቅም፤ ከዚያ በፊት እነግራታለሁ።

ሐሙስ ማታ እደውላለሁ። ቁጥሬ ያው ነው። አንሺልኝ።

የአንቺው
ከመንገዱ ወዲህ