ሁለቱም ሐኪም ነን ይላሉ፦ የጤና መረጃ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ረቡዕ ከሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ የስፖርት ዕቃ ይቀመጥባት በነበረችው ክፍል ተሰብስበው ስልክ የሚያዩት ልጆች የእኛ ክበብ አባላት ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ዓመቱን ሙሉ ስንጠየቅበት ስለከረምን ነው። ስልክ በግቢያችን ክልክል ነው። ለእኛ ብቻ በሳምንት አንድ ቀን፣ መምህር ባለበት፣ ተፈቅዶልናል። «ይሄ ክበብ ነው ወይስ ቲክቶክ ማያ?» ያሉን ባልደረቦች ነበሩ። አንድ ወላጅም ቢሮ ድረስ መጥተው «እኔ ልጄን ከስልክ ላላቅቅ ስታገል እናንተ ትሰጧታላችሁ» ብለውናል። ስጋታቸው ይገባኛል። ግን ልጆቹ ቤት ሲገቡ ስልኩን ማግኘታቸው አይቀርም። እዚያ ስለ ጤና የሚነገራቸውን አብሯቸው የሚመረምር ሰው ብዙ ጊዜ የለም። እኛ ያደረግነው ያንን ነው።

ክበቡ ከዜሮ የተነሳ አይደለም። የቆዩ መምህራን ፀረ ኤድስ ክበብ ተብሎ ድራማ ሲሠራና ፖስተር ሲለጥፍ ያስታውሱታል። ያኔ መረጃ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ዛሬ መረጃው ሞልቷል፤ ግን እርስ በርሱ ይጣላል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን ሲገኝ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ እንዴት እንደተፈለገ ሁላችንም አይተናል። የዓለም ጤና ድርጅት ነጭ ሽንኩርት ለጤና የሚስማማ ምግብ ቢሆንም ከኮሮና ለመከላከሉ ማስረጃ የለም ብሎ ነበር። ያ መልስ ወደ ሰፈራችን እንደ ወሬው ፈጥኖ አልደረሰም። የጤናውን ክበብ ከሚኒ ሚዲያው ጋር አጣምሮ የማስኬድ ሐሳብ የመጣልኝ ከዚያ በኋላ ነው።

መስከረም ላይ ተመዘገብን። ጥቅምት ላይ አመራር መረጥን፣ ደንብ አጸደቅን። ቃለ ጉባኤው በፋይል አለ፤ የፈለገ ሊያየው ይችላል። ከደንቡ አንዱን ብቻ ልጥቀስ። የክበቡ አባል ለማንም ሰው ይህን መድኃኒት ውሰድ፣ ያንን ተው አይልም። «ልጆቹን ሐኪም አደረጋችኋቸው» የሚል ወሬ ሰምቻለሁና ይህ ይታወቅልን።

ታዲያ ምን ይሠራሉ? አንድ አባል ከቴሌግራም፣ ከቲክቶክ ወይም ከፌስቡክ እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ሁለት የጤና መልእክቶች ይዞ ይመጣል። ልጆቹ መልእክቱን ደጋግመው እያነበቡ እውነት ይመስላል፣ አይመስልም ብለው አይከራከሩም። ከገጹ ይወጡና ሌሎች ስለዚያው ነገር ምን እንዳሉ ይፈልጋሉ። መቼ ተጻፈ? የጻፈው ሰው የሚሸጠው ነገር አለ ወይ? ጥናት አለ ከተባለ በአይጥ ላይ ነው ወይስ በሰው? በስንት ሰው? ይህን ሁሉ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ይጽፉታል። በዚህ ዓመት ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ጠይቀው መልስ ይዘው የሚመጡ አባላት በዝተዋል። አማርኛው ያማረ ስለሆነ ብቻ አላለፈም። እሱም እንደማንኛውም ምንጭ «ይህን ከየት አመጣኸው?» ይባላል።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት በትምህርት ቤቶች ስለሚሰጥ ለሴት ተማሪዎቻችን የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ሁለት አባላት በዚህ ተጣሉ። አንዷ ያገኘችው ገጽ ክትባቱ ሁለት ጊዜ ነው ይላል። ሌላዋ ያገኘችው አንድ ጊዜ ይበቃል ይላል። ሁለቱም የታወቁ የጤና ተቋማት ገጾች ናቸው። ክፍሉ ሁሉ አንዱ ዋሽቷል ብሎ ተነሳ። ቀኑን እዩ አልኳቸው። አገራችን ክትባቱን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ስትጀምር በሁለት ዙር ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ለልጃገረዶችና ለወጣት ሴቶች አንድ ዙርም በቂ መከላከያ ሊሰጥ እንደሚችል ገለጸ። ስለዚህ የዋሸ የለም። እውቀቱ ተሻሽሎ አሮጌው ገጽ ሳይነሳ ቀርቶ ነው። አንድ ልጅ ግን እዚያ አላቆመም። «ለሁሉም ነው ወይ?» ብሎ ፍለጋውን ቀጠለ። የበሽታ መከላከል አቅማቸው ለተዳከመ፣ ለምሳሌ ኤችአይቪ በደማቸው ላለ፣ አሁንም ቢያንስ ሁለት ዙር እንደሚመከር አገኘ። ያን ዕለት ልጆቹ ከቀኑ ሌላ «ስለ ማን ነው የሚያወራው?» የሚለውንም ጥያቄ በራሳቸው ጨመሩ።

ስለዚሁ ክትባት «ያመክናል» የሚለውን ወሬ ደግሞ ወደ ኋላ ተከትለውታል። ከሼር ወደ ሼር ሄዱ። ስም የለም፣ ቀን የለም፣ ጥናት የለም። መሃንነትን ከክትባቱ ጋር የሚያያይዝ ማስረጃ እንደሌለ ግን የዓለም ጤና ድርጅት በግልጽ ጽፏል። ልጃገረዶቹ ይህን በሚኒ ሚዲያ ካነበቡት በኋላ ጥያቄ ይዘው ወደ እኔ የመጡት ወንዶች ከሴቶቹ ይበልጡ ነበር። እህት ያለው ሁሉ መጣ።

ብዙ ያከራከረን የአንድሩ ዌክፊልድ ጉዳይ ነው። ይህ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1998 ከባልደረቦቹ ጋር በታዋቂው የሕክምና መጽሔት በላንሴት አንድ ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉ 12 ሕፃናትን ብቻ ተመልክቶ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባትን ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ ነበር። በኋላ ዴንማርክ ውስጥ ከ500,000 በላይ ሕፃናትን የተከታተለ ጥናት ግንኙነት አላገኘም። ላንሴት ጽሑፉን እ.ኤ.አ. በ2010 ሰረዘው። ዌክፊልድም በዚያው ዓመት ከሐኪሞች መዝገብ ተፋቀ። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ ላንሴትም ከተሳሳተ ከቴሌግራም በምን ይሻላል?» አለኝ። ከባድ ጥያቄ ነው። እኔ ሳልመልስ ጓደኛው ቀደመኝ። «ላንሴት መሳሳቱን ጽፎ ነግሮናል። አንተ ተሳስቻለሁ ብሎ የለጠፈ ቻናል አይተህ ታውቃለህ?» አለው። የባዮሎጂ መምህር ሆኜ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ስለ ሳይንስ አሠራር ከተማሪ አፍ ከሰማሁት ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል።

አሁን ወደ የካቲቱ ጉብኝት ልምጣ። ወደ ሰፈራችን ጤና ጣቢያ ነው የሄድነው። ለሁሉም የሚበቃ የባጃጅ ገንዘብ ስላልነበረን በኮንዶሚኒየሞቹ መሐል በእግር ተጓዝን። የቱሉ ዲምቱን የየካቲት ፀሐይና አቧራ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ማንም ግን አላማረረም። ባለሙያዎቹ ሥራ በዝቶባቸው ሳለ ተቀበሉን፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ላቦራቶሪ ስንደርስ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የታጠፈ ወረቀት ከደብተሯ አወጣች። ዓመቱን ሙሉ ብዙ የማትናገር ልጅ ናት።

«ሲስተር፣ ሁለቱም ሐኪም ነን ይላሉ» አለች። «አንዱ ጨጓራ የሚመጣው በጭንቀትና በበርበሬ ነው ይላል። ሌላው በባክቴሪያ ነው ይላል። ሦስተኛ ደግሞ አለ፤ መድኃኒቱ ጨጓራ ይልጣል፣ ተልባ በማር ይበቃል ይላል። እማዬ ሦስቱንም ሰምታለች። መድኃኒቱን ጀምራ አቋረጠችው። ከዚያ ደም ተመርምራ አሁንም አለብሽ አሏት።»

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ጓንቷን አውልቃ ከልጆቹ ጋር ተቀመጠች። በደም የሚታየው ሰውነት ከባክቴሪያው ጋር ሲታገል የሠራው ፀረ እንግዳ አካል መሆኑን አስረዳች። ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ደም ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በሽታው ከሕክምና በኋላ መኖር አለመኖሩን የደም ምርመራው አይለይም። አሁን መኖሩን የሚያሳየው የሰገራው ምርመራ ነው። እሱም ቢሆን መድኃኒቱ ካለቀ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በኋላ ሲደረግ ነው። መድኃኒቱን መሐል ላይ ማቆም ደግሞ ባክቴሪያው እንዲላመደው ያደርጋል። ልጅቷ ሁሉንም ጻፈች። ጀርባው ላይ ሳይቀር ጻፈች።

የነካኝ ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነው። በነገሩ ላይ ሳምንታት ቆየች። በርበሬና ጭንቀት የሚለው ገጽ ፈጠራ እንዳልሆነ፣ ድሮ ሐኪሞች ራሳቸው የጨጓራ ቁስለትን ሲያስረዱ የሚሉት እንደነበር ደረሰችበት። አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ውስጥ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሔሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ ከጨጓራ ለይተው አወጡ። የሚያምናቸው ሲያጡ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራውን ታመመ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2005 ኖቤል ተሸለሙ። ይህን ስታነብልን ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። የተልባውን ገጽ እስከ መጨረሻው ስትወርድ ደግሞ የዱቄት ዋጋና የሻጭ ስልክ አገኘች። ተልባ መጠጣት ነውር የለውም። ባክቴሪያውን እንደሚያጠፋ በሰው ላይ የተረጋገጠበት ጥናት ግን ፈልገን አላገኘንም።

እያነበበች ሳለ ከሦስቱም ገጾች ያልነበረ ነገር ገጠማት። እንደ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችም የጨጓራ ቁስለት ያመጣሉ። ሰኞ ጠዋት ከሰልፍ በፊት በሩ ላይ ጠበቀችኝ። «ቲቸር፣ እማዬ ለጉልበቷ ዲክሎ ትውጣለች። ይሄን ለሐኪሙ ነግራው አታውቅም።» ፊቷን ብታዩት። ማንም ያልጠየቃትን ጥያቄ አግኝታ ነበር። በዚያው ሳምንት እናትና ልጅ አብረው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ሐኪሙ ያዘዘው የቤተሰቡ ጉዳይ ስለሆነ አልጽፈውም። እናትየዋ ግን ትምህርት ቤት መጥተው «ይቺ ልጅ እኮ ከሐኪም ጋር እንዴት እንደምነጋገር አሳየችኝ» ብለውኛል። ዘገባው ያለ ስም እንዲነበብ የፈቀዱትም እሳቸው ናቸው።

በሚኒ ሚዲያ ስታነበው የወረቀቷ የመጨረሻ ክፍል «እስካሁን ያላወቅኩት» ይል ነበር። በርበሬ አንዳንዱን ሰው ለምን እንደሚያቃጥለው ሌላውን እንደማያቃጥለው አልገባኝም፣ የሚያውቅ ይንገረኝ አለች። አሥራ አምስት ዓመት ያልዘለለች ልጅ በሺህ ተማሪ ፊት ይህን አላውቅም ስትል ኮርቼባታለሁ። አሁን ሁሉም አባላት ይህን ክፍል በየዘገባቸው ይጽፋሉ።

በዚህ ሥራ አንድ ነገር ግልጽ ሆኖልኛል። ሐሰቱ የሚመጣው በጣፋጭ አማርኛ፣ በአጭር ቪዲዮ ነው። እውነቱ የተቀመጠው በከባድ እንግሊዝኛ፣ በረጅም ጽሑፍ ነው። ዳታም ይበላል። ስለዚህ ልጆቹ ያጣሩትን በአንድ ገጽ አማርኛ እያዘጋጁ በክፍሎችና በግቢው በር ለጥፈዋል። በአፋን ኦሮሞም ጀምረን ነበር። ጥቂት ብቻ ነው የወጣው፤ የብዙ ልጆቻችን ቤተሰብ የሚያነበው በእሱ ስለሆነ ይህ ያሳዝነኛል።

ያልተሳካም አለ። ከሞዴል ፈተናው በኋላ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል አባላት በሙሉ ቀርተዋል። የጋበዝናቸው ሐኪም ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ሰጥተው መምጣት አልቻሉም። የሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ ሚያዝያ ላይ ተቃጥሎ እስካሁን አልተጠገነም።

ስለ በጀትም ልናገር። ለስፖርት ክበቡ ማሊያ ሲገዛ አጨብጭበናል፤ ይገባቸዋል። የእኛ ክበብ ግን ዓመቱን የጨረሰው በልጆቹ የኪስ ገንዘብ ነው። የኮምፒውተር ክፍሉ ኢንተርኔት በአንደኛው መንፈቅ ተቋርጦ ቀረ። ልጆቹ ለዳታ ፓኬጅ ብር ያዋጡ ነበር። የምሳ ብሩን ያዋጣ ልጅ እንዳለ ሳውቅ አስቁሜዋለሁ። የሐሰት ወሬ በነጻ እየደረሰን እሱን ማጣሪያው ከልጅ ምሳ መምጣት የለበትም። ይህን ለወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረቱ (ወመተህ) በደብዳቤ አቅርቤያለሁ፤ እዚህም እደግመዋለሁ።

የምንፈልገው ብዙ አይደለም። ወርሃዊ የኢንተርኔት ፓኬጅ፣ የፕሪንተር ቀለምና ወረቀት፣ የድምፅ ማጉያው ጥገና። ቤታችሁ የተቀመጠ፣ የሚሠራ አሮጌ ስማርት ስልክ ወይም ታብሌት ካለ ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ስጡልን፤ በክበቡ ስም ይመዘገባል። አፋን ኦሮሞ አሳምራችሁ የምትጽፉ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች ደግሞ ረቡዕ ከሰዓት ብቅ በሉ። የመጀመሪያው ሥራችሁ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል፤ የጨጓራው ገጽ ገና አልተተረጎመም።