ስለ ፍሪዘሩ ወተት፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ባለፈው ሰኞ፣ በአካባቢው የምትሠሩ እናቶች አልባችሁ ሱቃችን ፍሪዘር ውስጥ ያስቀመጣችሁትን 63 ከረጢት የጡት ወተት ደፍተነዋል። የ11 እናቶች ወተት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። የተቆጣችሁ አላችሁ፣ ያለቀሳችሁም አላችሁ። አንዷ «እኔው ብደፋው ይሻለኝ ነበር» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። ቃሏ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። እውነቷን ነው። ከመድፋታችን በፊት ለእያንዳንዳችሁ መደወል ነበረብን፣ አልደወልንም። ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ስለደፋሁት ግን ይቅርታ ልጠይቅ አልችልም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ቅዳሜ 7 ሰዓት ሱቁን ስንዘጋ መብራት ነበር። ማታ ጠፋ። የህንፃው ጥበቃ እንደነገረን የመጣው ሰኞ ሊነጋጋ ሲል ነው። የህንፃው ጄኔሬተር ደግሞ እሁድ አይነሳም። ጠዋት ገብተን ስናይ ፍሪዘሩ ይሠራል፣ ወተቱም ድርቅ ያለ በረዶ ነው። «በረዶ ሆኖ እያየሽው ለምን ደፋሽው?» የምትሉኝ ለዚህ ነው፣ ይገባኛል።

ያላያችሁት ኩባያውን ነው። ፍሪዘራችን ጥግ ላይ ሁልጊዜ አንድ ኩባያ ውሃ አለ። ውሃው በረዶ ሲሆን ላዩ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጣለሁ። መብራት ጠፍቶ በረዶው ካልቀለጠ ሳንቲሙ ካለበት አይነቃነቅም። ሰኞ ጠዋት ግን ሳንቲሙ ከኩባያው ሥር ነበር፣ በረዶው ከላዩ። ከረጢቶቹም ቅዳሜ ጠፍጣፋ አድርገን ያስተኛናቸው ወደ አንድ ጎን አብጠዋል። ማለት ሁሉም ቀልጧል፣ ለስንት ሰዓት ቀልጦ እንደቆየ የሚያውቅ የለም፣ መብራቱ ሲመጣ ደግሞ መልሶ በረዶ ሆኗል።

ወተቱ ውስጥ ትንሽ እንኳን በረዶ ቀርቶ ብደርስበት መልሼ አቀዘቅዘው ነበር፣ ይቻላል። ጨርሶ የቀለጠ ግን ተመልሶ ፍሪዘር አይገባም። በፍሪጅ ውስጥ የቀለጠ እንኳን በ24 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ሞልቶ የታጨቀ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ መብራት ቢጠፋም 48 ሰዓት ያህል ይይዛል፣ ግማሽ የሆነ ግን 24 ሰዓት ብቻ። የእኛ ግማሽ ነበር። «አሽትተሽ ማወቅ ትችዪ ነበር» ያላችሁኝም አላችሁ። አይቻልም። በረዶ ሆኖ የቀለጠ የጡት ወተት ደህና ሆኖም ሳሙና ሳሙና ሊል ይችላል፣ ወተቱ ውስጥ ስቡን የሚሰባብር ኢንዛይም ስላለ ነው። ስለዚህ ሽታ አይነግራችሁም። እኔ ሰዓቱን የማላውቀውን ወተት የ4 ወር ልጅ አፍ ውስጥ እንዲገባ አልሰጥም። የእኔ ልጅ ብትሆንም አልሰጥም። ምሳ ሰዓት ወተት የሚወስድ ሰው መምጣት ይጀምራል፣ የሱቁ ሠራተኞች ሳያውቁ አንዷን ከረጢት ቢሰጡስ ብዬ ነው የቸኮልኩት።

ወተት መድፋት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ሥራ የተመለስኩት ገና 3 ወር ሳይሞላት ነው። ቢሮ ሽንት ቤት ቆሜ በእጄ እያለብኩ ወደ ውሃ እደፋ ነበር። አንድ ቀን በጠርሙስ አድርጌ ቢሮው ፍሪጅ ውስጥ ባስቀምጥ «ይሄ ሰው የሚበላበት ነው» ተብዬ አወጣሁት። ቤት ልጄ የቆርቆሮ ወተት ትጠጣለች፣ እኔ እዚህ ልብሴ ረጥቦ የእሷን እደፋለሁ። ይህን ሱቅ በ2011 የከፈትኩት ከዚያ የተነሳ ነው። በዚያው ዓመት በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ ከ60 ወደ 90 ቀን ከፍ አለ። ሐኪም ግን 6 ወር ጡት ብቻ ነው የሚለው። የቀረውን 3 ወር እናት እንዴት ታድርገው? ፍሪዘሩን የገዛሁት ለዚህ ነው። በአካባቢው የምትሠሩ እናቶች ምሳ ሰዓት አልባችሁ ታስቀምጣላችሁ፣ ስትፈልጉ ትወስዳላችሁ። በወር 150 ብር። ትርፍ አልነበረውም፣ ትርፍም ብዬ አላሰብኩትም።

ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ወራት ሳይቆይ 100ን አለፈ። የምንሸጠው ጡት ማለቢያም የወተት ከረጢትም ከውጭ ነው የሚመጣው። የዕቃውን ዋጋ ጨመርኩ፣ እውነት ነው፣ ያኔም ተቀይማችሁኛል። የፍሪዘሩን ግን አንድ ብር አልነካሁም። «ባትሪ ግዢ፣ ጄኔሬተር ግዢ» ለምትሉኝ፣ ጠይቄያለሁ። ኮሪደር ላይ ጄኔሬተር ማስነሳት ህንፃው አይፈቅድም፣ ፍሪዘር ሌሊቱን ሙሉ የሚይዝ ባትሪ ደግሞ የሱቁን የወራት ኪራይ ይበላል።

ስለዚህ ከእንግዲህ ወተት በፍሪዘራችን አናሳድርም። በፍሪጅ የዕለቱን ብቻ እናቆያለን፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት፣ ቅዳሜ እስከ 7 ሰዓት ትወስዱታላችሁ። ለመንገዱ ማቀዝቀዣ ቦርሳ ከአይስ ፓክ ጋር እናውሳችኋለን፣ ያለ ክፍያ። በደንብ በረዶ የሆነ አይስ ፓክ ካለበት ወተቱ እስከ 24 ሰዓት ይቆያል፣ መንገድ ቢዘጋጋ እንኳን አትጨነቁ።

ቤት ስትደርሱ እንዲህ አድርጉ። ዕለቱን አትጠጣውም የምትሉትን ወዲያው ፍሪዘር አስገቡት። በየከረጢቱ ከ60 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ብቻ፣ በረዶ ሲሆን ስለሚያብጥ ጫፍ ድረስ አትሙሉት። ቀኑን ጻፉበት፣ በሩ ላይ ሳይሆን ከኋላ አስተኙት። ለብቻው በር ያለው ፍሪዘር ከሆነ እስከ 6 ወር ጥሩ ነው። ብዙዎቻችን ቤት ያለው ግን ባለ አንድ በር ፍሪጅ ነው፣ ከውስጡ ትንሽዬ በረዶ ቤት ያለው። እዚያ ከ2 ሳምንት በላይ አታቆዩት፣ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። በረዶ ያልሆነው ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን፣ ውጭ ደግሞ ቤቱ ከ25 ዲግሪ ካልበለጠ 4 ሰዓት ይቆያል። ስታቀልጡት ማታ ወደ ፍሪጅ አውርዱት፣ ወይም ከረጢቱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ንከሩት። እሳት ላይ አትጣዱት፣ ማይክሮዌቭም አይሆንም። ከሞቀ በኋላ 2 ሰዓት ነው ያለው፤ ለሞግዚቷም ይህን ንገሯት። ኩባያና ሳንቲሙንም አትርሱ።

11ዳችሁ የዚህን ወር ክፍያ ተመላሽ ታገኛላችሁ፣ አንድ አንድ ፓኮ ከረጢትም አስቀምጬላችኋለሁ። ያለባችሁትን እንደማይተካ አውቃለሁ። እባካችሁ በዚህ ምክንያት አትራቁን፤ ከእናንተ ሌላ ይህን ሱቅ ያቆመው የለም። የምትቆጡም ካላችሁ መጥታችሁ ተቆጡኝ፣ ኩባያው እንደነበረ ፍሪዘሩ ውስጥ አለ፣ አውጥቼ አሳያችኋለሁ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እኔው ራሴ ባንኮኒው ላይ ነኝ።

አክባሪያችሁ፣
የሱቁ ባለቤት