ካሜራ ከመቁጠራችን በፊት ምን ማየት እንደምንፈልግ እንጻፍ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ ነኝ። ጋዜጣው እጄ ሲገባ መጀመሪያ የምገልጠው የጨረታ ማስታወቂያውን ነው። የእንጀራዬ ነገር ነው። የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነኝ። ለመጋዘን፣ ለፋብሪካ፣ ለሆስፒታልና ለሌሎች ትልልቅ ግቢዎች የደህንነት ካሜራ ዲዛይን እሠራለሁ።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በዚያ ገጽ ላይ ደጋግሜ የማየው ነገር ስለሚያሳስበኝ ነው። ማስታወቂያዎቹ ከሞላ ጎደል እንዲህ ይላሉ፦ «ባለ 4 ሜጋፒክስል ካሜራ፣ ብዛት 96፤ መቅረጫ፣ ብዛት 3፤ ከነኬብሉና ከነተከላው።» ገንዘብ ከፍዬ ሰነዱን ስወስድም ብዙ የሚጨምርልኝ የለም። የግቢው ፕላን አይገኝበትም። ካሜራው ምን እንዲያይ እንደተፈለገ የሚናገር አንድ መስመር እንኳ የለም። ተጫራቹ 96 ካሜራ በርካሽ ዋጋ ያቀርባል፣ ያሸንፋል፣ ይሰቅላል፣ ይሄዳል። ባለቤቱም ግቢዬ ተጠበቀ ብሎ ያምናል።

እኔ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ትልቅ ግቢ ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ ካሜራ ከመግዛቱ በፊት እያንዳንዱ ካሜራ የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስለት በጽሑፍ ያስቀምጥ። ይህ በር ላይ የሚገባውን ሰው ማንነት ማወቅ እፈልጋለሁ? ወይስ አጥሩ ጋ ሰው መኖሩን ብቻ? የመኪናውን ታርጋ ማንበብ እፈልጋለሁ? ብዛቱ፣ ዓይነቱና ዋጋው ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። በብሪታንያ የሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር በ2009 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የካሜራ መመሪያ ሥራው የሚጀምረው ከዚሁ ነው። መጀመሪያ ችግሩን ጻፍ፤ ከዚያ ዕቃ ምረጥ ይላል።

ለምን ይህን ያህል እንደምጨነቅ ላስረዳ። አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ጠፍቶ የካሜራውን ቅጂ እንድመለከት ተጠርቼ ነበር። ሰውዬው በደንብ ይታያል። ከጎን በር ይወጣል፣ ካርቶን ተሸክሟል፣ ከመብራቱ ሥር አልፎ ወደ አጥሩ ይሄዳል። ወንድ መሆኑ ይታወቃል። ኮፍያ ማድረጉም ይታወቃል። ፊቱ ግን ግራጫ ጭጋግ ነው። መርማሪው ምስሉን አሳድጉልኝ አለ። ባሳደግነው ቁጥር ባሰበት። በመጨረሻ በዚያ ግቢ የሚሠራ፣ ኮፍያ የሚያደርግ ወንድ ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነ። ልጆች የሚያሳድጉ፣ ለዓመታት በታማኝነት ያገለገሉ ሰዎች እየተጠሩ ቃል ሰጡ። እስካሁን ይከነክነኛል።

ካሜራው ምንም አልሆነም ነበር። ሂሳቡ ነው ያልተሠራው። ሂሳቡ ደግሞ ከባድ አይደለም፤ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። የዚያ ዓይነት ባለ 4 ሜጋፒክስል ካሜራ ምስል ከግራ ወደ ቀኝ 2,560 ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የሚሠራባቸው ትንንሽ ነጥቦች፣ አሉት። አይኢሲ የሚባለው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን በ2014 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው 62676-4 በተባለው ደረጃ መሠረት፣ የማናውቀውን ሰው በእርግጠኝነት ለመለየት በእያንዳንዱ ሜትር ስፋት 250 ፒክስል ያስፈልጋል። የምናውቀውን ሰው «እሱ ነው» ለማለት 125 ይበቃል። ሰው መኖሩን ብቻ ለማወቅ ደግሞ 25። እንግዲህ 2,560ን ለ250 ስናካፍል 10 ሜትር ከትንሽ ይመጣል። ያ ካሜራ የእንግዳ ሰው ፊት የሚለየው፣ የሚያየው ስፍራ ከዚያ ካልሰፋ ብቻ ነው።

በዚያ መጋዘን የተሰቀሉት ሁሉም ባለ 2.8 ሚሊሜትር ሌንስ ነበሩ። ይህ ሌንስ ሰፊ ነው፤ ወደ 100 ዲግሪ ያያል። ባለቤቶች ይወዱታል፤ ስክሪኑ ላይ ሙሉ ግቢው ስለሚታይ። ግን 10 ሜትር ስፋት የሚሞላው ገና ከካሜራው 4 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነው። ሰውዬው ያለፈው 25 ሜትር ላይ ነበር። እዚያ ርቀት ላይ ምስሉ ወደ 60 ሜትር ይሰፋል፤ ለአንድ ሜትር የሚደርሰው 43 ፒክስል ብቻ ነው። የሰው ፊት ስፋት 16 ሴንቲሜትር ገደማ ነው ብንል፣ ፊቱ ላይ ያረፈው 7 ፒክስል ነው። በ7 ፒክስል ማንም ማንንም አይለይም። ያው ካሜራ ባለ 12 ሚሊሜትር ሌንስ ቢኖረው፣ በዚያው ርቀት የሚያየው ስፋት ወደ 10 ሜትር ይጠብ ነበር፤ ፊቱም ይታወቅ ነበር። የዋጋው ልዩነት ይህን ያህል የሚያስጨንቅ አይደለም።

በሌላ በኩል አጥሩን ሁሉ በ250 ፒክስል እናልብስ የሚል ሰው ካለ ገንዘቡን ያባክናል። አጥር ላይ ሰው መምጣቱን ማወቅ ይበቃል፤ ጥበቃው ሄዶ ያያል። ጥራቱን በሩ ላይ፣ መጫኛው ላይ፣ ገንዘብ ቤቱ ላይ እናድርገው። ስለዚህ ነው «96 ካሜራ ሁሉም አንድ ዓይነት» የሚል ጨረታ የሚያመኝ።

ከፍታውም ነገር አለው። ሰው እንዳይነካው ተብሎ 6 ሜትር ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ካሜራ ከሥሩ የሚያልፈውን ሰው ኮፍያና ነጠላ ነው የሚቀርጸው። ፊት የሚፈለግበት በር ላይ ካሜራው ከ2 ሜትር ተኩል ብዙም ባይርቅ ጥሩ ነው። ፀሐይም አትረሳ። በሩ ወደ ምሥራቅ ከሆነና ካሜራው ከውስጥ ወደ ውጭ የሚያይ ከሆነ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ የሚገባው ሠራተኛ ሁሉ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይታያል። ሠራተኛ የሚገባውም በዚያው ሰዓት ነው። ሳይቱን በጠዋትም በማታም ሄዶ ያላየ ሰው ይህን ከቢሮው ሊያውቀው አይችልም።

የመኪና መግቢያ ደግሞ የብቻው ዓለም ነው። እንደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ወይም እንደ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለ ከባድ መኪና የሚመላለስበት ቦታ አስቡ። ተሳቢው የራሱ ታርጋ አለው። የፊቱን ብቻ የሚያነብ ካሜራ የትኛው ኮንቴይነር በየትኛው ተሳቢ እንደወጣ አይነግራችሁም። ማታ ደግሞ የመኪናው የፊት መብራት ምስሉን ነጭ ያደርገዋል። ለታርጋ ጠባብ ሌንስ ያለው፣ የሻተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ፍጥነት በልኩ የተስተካከለ፣ ሌላ ሥራ የማይሰጠው ካሜራ ያስፈልጋል። መኪናው ፍጥነት የሚቀንስበት ቦታ ላይ ሲሆን ይበልጥ ይሠራል።

አሁን ወደ ቅጂው ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚያዝነው እዚህ ጋ ነውና። አንድ ካሜራ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ቢልክ (ስምንት ቢት አንድ ባይት ነው) በቀን 43 ጊጋባይት ይሞላል። 96 ካሜራ በቀን ከ4 ቴራባይት በላይ ማለት ነው። ጨረታው በሦስቱ መቅረጫዎች ውስጥ በድምሩ 32 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ከጠየቀ፣ ስምንት ቀን ሳይሞላው አዲሱ ምስል የድሮውን መደምሰስ ይጀምራል። መጋዘን ግን የሚቆጠረው በወር ነው፤ አንዳንዱ ጋ በሦስት ወር። ጉድለቱ የሚታወቀው ቆጠራው ሲጠናቀቅ ነው። ያን ጊዜ ቅጂው የለም። ስንት ቀን ይቀመጥ የሚለውን የሚወስነው የመቅረጫው ዋጋ መሆን የለበትም። የጠፋ ዕቃ መጥፋቱ ከመቼ በኋላ ይታወቃል? መልሱ ከሂሳብ ክፍሉ ነው የሚገኘው። ለመቶ ካሜራ የ30 ቀን ቅጂ ወደ 130 ቴራባይት ይፈልጋል። ኤች 265 የሚባለው የመጭመቂያ ስልት ይህን በብዙ ይቀንሰዋል፤ እንቅስቃሴ በሌለበት ሰዓት በሰከንድ የሚቀረጸውን ምስል ብዛት መቀነስም ይረዳል። ብቻ ሂሳቡ ሰነዱ ላይ ተሠርቶ ይቅረብ።

ኬብሉን ባጭሩ ልንካው። የመዳብ ኔትወርክ ኬብል ከ100 ሜትር በላይ አይሄድም። ለትልቅ ግቢ ይህ በጣም አጭር ርቀት ነው። ስለዚህ ርካሽ ተቋራጭ አጥሩ ላይ በየ100 ሜትሩ ስዊች (የኔትወርክ መስመር ማከፋፈያ) በፕላስቲክ ሳጥን ያስርና አንዱን ከሌላው ይቀጥላል። ሁለተኛው ሲቃጠል ከሱ በኋላ ያሉት ሁሉ ይጠፋሉ። ክረምት ሲገባ መብረቁ በመዳቡ ተጉዞ ሕንፃ ድረስ ይመጣል። በሕንፃና በሕንፃ መካከል በመዳብ ፈንታ ፋይበር (መረጃን በብርሃን የሚያስተላልፍ ኬብል) ይሁን፤ ከሁለት አቅጣጫ የሚደርስ ቢሆን ደግሞ ግሩም ነው። ምሰሶዎቹ የመሬት ሽቦ ይኑራቸው። እባካችሁ ቱቦውም አስፋልቱ ከመነጠፉ በፊት ይቀበር። በየከተማው አዲስ አስፋልት ሲቆፈር የምናየው የካሜራ ሰው የሚጠራው ሥራው ካለቀ በኋላ ስለሆነም ጭምር ነው።

መብራት ሲጠፋስ? ጀነሬተሩ ማሽኖቹን ያስነሳል፤ የአጥሩ ምሰሶ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ መስመር ላይ የለም። ሌባ ደግሞ መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ከማንም በላይ ያውቃል።

ይህን ሁሉ ስናቅድ የማንጠይቃቸው ሰዎች አሉ፤ ጥበቃዎቹ። በአንድ ግቢ ፕላን ይዤ ስዞር አንድ አባት ከኋላዬ ሲከተሉኝ ቆዩና «ልጄ፣ ካሜራውን በር በሩን ነው አይደል የምታደርጉት? እስቲ ነይ ላሳይሽ» አሉኝ። ወሰዱኝ። ባዶ የእንጨት ፓሌት አጥሩን ተደግፎ ተከምሯል። ከውጭ በኩል የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ወደ ውስጥ ዘልቋል። «እኔ ሌሊት የምፈራው እዚህ ነው» አሉ። በእኔ ፕላን ላይ እዚያ ምንም አልነበረም፤ ፕላኑ ፓሌት አያሳይማ። ከሁሉ በፊት ፓሌቱ ተነሳ፣ ቅርንጫፉም ተቆረጠ። ለዚያ ቦታ አንድ ካሜራ በቂ ሆነ። ጥበቃዎቹ ኋላ 64 ምስል በአንድ ስክሪን ፊት ተቀምጠው እንዲያዩ የሚገደዱትም እነሱ ናቸው። ያን ሁሉ ምስል ሌሊቱን ሙሉ በትኩረት የሚያይ ሰው የለም። ሰው ሲገባ ብቻ ከፍ ብሎ የሚወጣ ምስል ቢደረግላቸው ሥራቸው ሥራ ይሆናል።

ሰዓቱንም አስተካክሉ። ከቻይና የሚመጡ ብዙ መቅረጫዎች የሚነሱት በቤጂንግ ሰዓት ነው፤ ከእኛ በ5 ሰዓት ይቀድማል። በዚያ ላይ የእኛ አቆጣጠር 6 ሰዓት ይለያል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሆነው ነገር ቅጂው ላይ 7:00 ተብሎ ይቀመጣል። ይህን ለፍርድ ቤት ማስረዳት አስቡት። የፋብሪካውን ፓስወርድም ቀይሩ። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ሚራይ የተባለው ቫይረስ ብዙ ካሜራዎችንና መቅረጫዎችን የያዘው ባልተቀየረ ፓስወርድ ገብቶ ነው።

ስለ ሰዎች ክብርም ልናገር። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሰው ምስል የዚያ ሰው የግል ዳታ ነው። የልብስ መቀየሪያ ክፍል በር ላይ፣ ክሊኒክ ውስጥ፣ የጎረቤት ግቢ ላይ ያነጣጠረ ካሜራ አይቻለሁ። ከመቅረጫ ክፍል በስልክ ተቀርጾ ቴሌግራም ላይ የተለቀቀ የሠራተኛ ምስልም አይቻለሁ፤ ልጅቷ ሥራዋን ትታ ሄደች። ማን ቅጂ ያያል፣ ማን ያወጣል፣ በማን ፊርማ የሚለው ከካሜራው ጋር አብሮ መጻፍ አለበት። የጎረቤትን መስኮት በጥቁር መሸፈን በቅንብር የሚሠራ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

በመጨረሻ ስለ ርክክብ አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ጨረታ የሚያወጡ መሥሪያ ቤቶች ቃል በቃል ቢወስዱት ደስ ይለኛል። «ርክክቡ የሚፈጸመው ሌሊት ነው። ተቋራጩ የማያውቀው ሰው ሰነዱ ላይ በተዘረዘረው ቦታ ሁሉ ያልፋል፤ ከባድ መኪና ከነተሳቢው በበሩ ይወጣል። ዋናው መብራት ለአንድ ሰዓት ይጠፋል። በማግስቱ ግቢውን የማያውቅ ሌላ ሰው ቅጂውን አይቶ፣ ከቀረቡለት ፎቶግራፎች መካከል ያለፈውን ሰው ይለያል፤ ሁለቱንም ታርጋዎች ያነባል፤ ያለፉበትን ሰዓት ይናገራል። የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው ከዚህ በኋላ ነው።»

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ
አዲስ አበባ