አሸዋ ብቻ አይደለም ያመጣነው፦ የአየር ንብረት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

መምህራን ክፍል ውስጥ «የአሸዋ ክበብ» እንደምንባል አውቃለሁ። የክበቡ ልጆች በድሬዳዋ መሀል ከሚያልፈው ከደቻቱ ወንዝ ሲመለሱ ኮሪደሩን አሸዋ ያለብሱታል፤ እውነት ነው። ግን አሸዋ ብቻ አይደለም ያመጡት።

ስብሰባ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ነበር። አመራር ተመረጠ፣ ችግኝ ተተከለ፣ ግማሹን ፍየል በላው።

ዋናው ሥራችን የጎርፍ ካርታው ነው። ደቻቱን ታውቁታላችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው፣ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። ውሃው የሚመጣው ከላይ ከደንገጎ ተራሮች በኩል ነውና ድሬ ላይ ዝናብ ጠብ ሳይል ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ፈጅቷል። ከዚያ ወዲህ ግንብ ተሠርቷል። ተማሪዎቻችን ግን ያኔ አልተወለዱም። ስለዚህ ያዩትን ሰዎች ጠየቅን፦ ውሃው እስከ የት ደረሰ? በየትኛው መንደር ውስጥ አቋርጦ ወጣ?

ጥር ላይ 14 ልጆች ይዤ ከወንዙ ማዶ ወዳለው መጋላ ሰፈር ተሻገርኩ። አንዲት እናት ግድግዳቸው ላይ መዳፋቸውን አሳርፈው «እስከዚህ» አሉን። የሚተረጉምልን፣ ክፍል ውስጥ ትንፍሽ የማይል የ10ኛ ክፍል ልጅ ነበር፤ ሶማልኛ የሚችለው እሱ ነው። ሜትር ስላልነበረን በቁመቱ እንለካ ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። መዳፋቸው ከራሱ በላይ ቀረ። ሴትየዋ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ልጁ አልተረጎመውም፣ ዝም ብሎ ከግድግዳው ራቀ። ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ጠየቅኩት። «ቲቸር፣ ልጄ ከዚያ ውጣ፣ እዚያ አትቁም ነው ያሉኝ።» እኔም ከዚያ በኋላ አልጠየቅኩትም።

ውሃው የደረሰበትን የሚያሳይ 23 ምልክት ሰበሰብን። ስለ አምስቱ ሽማግሌዎቹ ስላልተስማሙ ከካርታው አወጣናቸው። የአንድ ወር የቃለ መጠይቅ ቅጂ ደግሞ ስልክ ተበላሽቶ ጠፋብን፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሌላ ቦታ አላስቀመጥኩትም።

ካርታውን የከተማ ፕላን ለሚሠሩ ባለሙያዎች ወሰድነው። «ጎበዞች!» አሉ፤ ሻይ ጋበዙን። ልጆቹ ግን ሻይ ፍለጋ አልሄዱም። አዲስ መንገድና ቤት ሲታቀድ እነዚህ ምልክቶች ፕላኑ ላይ ይግቡ ነው ያሉት። ኮኦርዲኔት (ቦታውን በካርታ ላይ በትክክል የሚያሳይ ቁጥር) ከሌለው አይገባም ተባልን። እሺ፣ ልክ ናቸው። በመስከረም ይዘን እንመለሳለን።

ለዚህ የ50 ሜትር መለኪያና ጂፒኤሱ የሚሠራ አንድ ስልክ ይበቃናል። የኳስ ቡድናችን ማልያ በዓመት ስንቴ እንደሚቀየር አልናገርም። ቤት የተቀመጠ ስልክ ያላችሁ ወላጆች፣ ስክሪኑ ቢሰነጠቅም ግድ የለም፤ በር ላይ ለጥበቃው ስጡልን።